አፉን ዘግይቶ የፈታው ልጅ፦ አሌሳንድሮ ቮልታና የስልካችን ባትሪ

የስልክ ቻርጀራችሁን አንሡና ጀርባውን ገልብጣችሁ ተመልከቱ። በጥቃቅን ጽሕፈት ከታተሙት ቁጥሮች መካከል 5 ቮልት ወይም 9 ቮልት፣ አንዳንዱም ላይ 20 ቮልት የሚል ታገኛላችሁ። ከቁጥሩ ቀጥላ የተጻፈችው የላቲን ፊደል፣ ቪ፣ የአንድ ሰው ስም መነሻ ናት። ይህ ሰው በሕይወት ዘመኑ ስልክ አላየም፤ አምፑልም አላየም፤ ባቡር እንኳ ወደ አገሩ የገባው እሱ ከሞተ በኋላ ነው። ይሁንና ዛሬ ይጁቤ ውስጥ በአንዲት ሱቅ መደርደሪያ ላይ ሽቦ ተሰክቶባቸው የሚጠባበቁት ስልኮች ሁሉ የሚሞሉት በሱ ስም እየተለኩ ነው። ሰውየው አሌሳንድሮ ቮልታ ይባላል።

ስለሱ በዚህ ገጽ ለመጻፍ ያነሣሣን በየመኝታ ክፍሉና በየሻይ ቤቱ የማይጠፋ ክርክር ነው። አንዱ ቻርጀር ስልክን በአንድ ሰዓት ተኩል ሲሞላ ሌላው ለምን ሌሊቱን ሙሉ ይወስዳል? ፈጣን የተባለውስ ራሱ እስከ ሰማንያ ከመቶ ገስግሶ ከዚያ ወዲያ ለምን ያዘግማል? መብራት ጠፍቶ ሲያበቃ ለጥቂት ጊዜ ብቅ በሚልበት አካባቢ ይህ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። ደግሞም ነገ ለማስተማር ልምምድ ስንወጣ ከተማሪዎቹ አንዱ እጁን አውጥቶ ይጠይቀናል። ነገሩን ከቮልታ ሕይወት ጋር አያይዞ ማየቱ ይቀላል፤ የመልሱን ግማሽ ያገኘው እሱ ነውና። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቮልታ የተወለደው የካቲት 18 ቀን 1745 ሲሆን፣ የትውልድ ከተማው ኮሞ ትባላለች። ኮሞ በሰሜን ኢጣልያ፣ በአልፕስ ተራሮች ግርጌ፣ በሐይቅ ዳር ያለች ከተማ ናት። በዚያን ጊዜ ኢጣልያ የምትባል አንድ አገር አልነበረችም፤ የኮሞ ሕዝብ በኦስትሪያ ነገሥታት ሥር ይተዳደር ነበር። ቤተሰቡ ስመ ጥር ቢሆንም ሀብቱ የመነመነ ነበር። አጎቶቹም ሆኑ ወንድሞቹ አብዛኞቹ ወደ ክህነትና ወደ ምንኩስና ያዘነበሉ ናቸው።

ልጁ እስከ አራት ዓመቱ አፉን አልፈታም። ቤተሰቡ ዘገምተኛ ነው ብሎ ተስፋ ቆርጦበት ነበር። ከዚያ በኋላ ግን፣ አንድ ነገር እንደ ተከፈተለት ሁሉ፣ ሰባት ዓመት ሲሞላው እኩዮቹን ደርሶ አለፋቸው። እንግዲህ ስድሳና ሰባ ተማሪ ባለበት ክፍል የሚያስተምር ሰው ይህን ልብ ይበል። ጥግ ይዞ ዝም የሚለውን ልጅ በመጀመሪያው ሳምንት ደካማ ብለን መዝገብ ላይ ምልክት እናደርግበታለን፤ ምልክቱም እስከ ዓመቱ መጨረሻ ይከተለዋል። የኮሞው ልጅ ምልክቱን ያስፋቀው በራሱ ጊዜ እንጂ ማንም ረድቶት አይደለም።

አባቱ ገና በልጅነቱ ስለ ሞተ ያሳደጉት አጎቶቹ ናቸው። ትምህርት ቤቱ የኢየሱሳውያን ማኅበር ነበር፤ ይኸውም በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ወደ አገራችን ዘልቆ ብዙ ጣጣ ያመጣው ያው ማኅበር ነው። አስተማሪዎቹ የልጁን ብልህነት አይተው መነኩሴ ሊያደርጉት ፈለጉ፤ አጎቱ ይህን ሲሰሙ ከዚያ አወጡት። አጎቶቹ ደግሞ ሕግ ተምሮ ጠበቃ እንዲሆን ፈለጉ። እሱ ግን ከሁለቱም አልሆነም። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ዲግሪ ሳይዝ፣ መጽሐፍ እያነበበና ደብዳቤ እየጻፈ ነው ሳይንቲስት የሆነው።

ጋቶኒ የሚባል ሀብታም ጓደኛ ነበረው። ይህ ጓደኛው ከቤቱ አጠገብ ባለች አሮጌ ግንብ ውስጥ የመሞከሪያ ዕቃዎች ሰብስቦ ስለነበር፣ ቮልታም እንደ ልቡ እንዲሠራበት ፈቀደለት። በአሥራ ስምንት ዓመቱ በፓሪስ ለነበረው ታዋቂ የኤሌክትሪክ ሊቅ ለኖሌ ደብዳቤ ጻፈ። ለቱሪኑ ሊቅ ለቤካሪያም ጻፈ። ቤካሪያ በሐሳብ ብቻ ከመራቀቅ ይልቅ በእጅ መሞከር እንደሚሻል መክሮታል። ቮልታ ምክሩን ሰማ፤ በ1769 የመጀመሪያውን ጽሑፍ አሳተመ። በ1774 የኮሞ ትምህርት ቤቶች ኃላፊነት ተሰጠው፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የተግባራዊ ፊዚክስ መምህር ሆነ። ስለዚህ ይህ የምናወራለት ሰው በሙያው የኛው ሰው፣ መምህር ነበር።

በ1775 ኤሌክትሮፎረስ የተባለውን መሣሪያ ለዓለም አስተዋወቀ። የሚመስል ነገር ቪልከ የተባለ ስዊድናዊ ቀደም ብሎ ሠርቶ ነበር፤ አሻሽሎ ያስፋፋው ግን ቮልታ ነው። ከሙጫ የተሠራ ቂጣ የመሰለ ነገር በፀጉር ይታሻል፤ በላዩ መያዣ ያለው የብረት ሳሕን ይቀመጣል፤ ሳሕኑ ሲነካና ሲነሣ የኤሌክትሪክ ብልጭታ ይሰጣል፤ መልሶ ማስቀመጥ፣ መልሶ ማንሣት ነው።

ከዚህ ሥራ ነው እንግዲህ ለስልካችን የሚጠቅመው ትልቁ ሐሳብ የወጣው። በዚያ ዘመን ሰዎች ኤሌክትሪክ በዛ ወይም አነሰ ይሉ ነበር እንጂ፣ በመጠኑና በግፊቱ መካከል ያለውን ልዩነት አጥርተው አልለዩም ነበር። ቮልታ ለየው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ አንድ ጣሳ ውሃ ወደ ሰፊ ገበቴ ብትገለብጡት ከታች ተንጣሎ ይቀራል። ያንኑ ጣሳ ውሃ ወደ ጠባብ ጠርሙስ ብትገለብጡት ግን እስከ አፉ ይደርሳል። የውሃው መጠን ያው ነው፤ ከፍታው ግን ይለያያል። ኤሌክትሪክም እንደዚያው። ዕቃው ሰፊ ሲሆን ብዙ ይይዛል፤ ግፊቱ ግን ዝቅ ይላል። ቮልታ ይህን ግፊት ውጥረት ብሎ ሰየመው፤ ዛሬ በቮልት የምንለካው ይህንኑ ነው። በ1782 ይህንኑ ተመርኩዞ፣ ጥቂቷን ኤሌክትሪክ እንኳ አጠራቅሞ የሚያሳይ መሣሪያ ይዞ ቀረበ።

አሁን ወደ ቻርጀሩ እንመለስ። ቮልቱ ግፊቱን ሲነግረን፣ አምፒሩ ደግሞ በአንድ ሰከንድ የሚያልፈውን ብዛት ይነግረናል። ሁለቱ ሲባዙ ዋት ይሆናሉ፤ የአሞላሉን ፍጥነት የሚወስነው ዋቱ ነው። 5 ቮልት በ1 አምፒር 5 ዋት ነው። 9 ቮልት በ2 አምፒር 18 ዋት ነው። 20 ቮልት በ5 አምፒር 100 ዋት ይሆናል። ባትሪው ላይ 5000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ተብሎ ከተጻፈና የባትሪው ግፊት በአማካይ 3.7 ቮልት ከሆነ፣ ሙሉ ባትሪው የሚይዘው 18.5 ዋት ሰዓት ያህል ነው። በ5 ዋት ቻርጀር ወደ አራት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል ማለት ነው፤ በሙቀት የሚባክነው ሲታከልበት ከዚያም ያልፋል። በ18 ዋቱ ግን በስሌት አንድ ሰዓት ይበቃው ነበር። ይበቃው ነበር ያልንበትን ምክንያት ወደኋላ እናየዋለን።

ታዲያ ዋቱን ለማሳደግ መንገዱ ሁለት ነው፤ ወይ አምፒሩን ወይ ቮልቱን መጨመር። አምፒሩ ሲጨምር ገመዱ ይሞቃል፤ ሙቀቱም በእጥፍ ብቻ አይደለም፤ አምፒሩ እጥፍ ሲሆን የገመዱ ሙቀት አራት እጥፍ ይሆናል። በዚህ የተነሣ ብዙዎቹ ፈጣን ቻርጀሮች ቮልቱን ከፍ ማድረግን መርጠዋል። ከበለስ የኃይል ማመንጫ የሚነሣው ትልቁ መስመር 400 ሺህ ቮልት የተሸከመው በዚሁ ምክንያት ነው። ግፊቱ ከፍ ሲል ያው ኃይል በጥቂት አምፒር ይጓዛል፤ ሽቦውም በከንቱ አይግልም። አንዳንድ ሠሪዎች ደግሞ በተቃራኒው ሄደው፣ ቮልቱን ዝቅ አድርገው አምፒሩን አብዝተዋል፤ ለዚህም ወፍራም ገመድ አብረው ይሸጣሉ። የነዚህን ስልኮች ገመድ በሌላ ቀጭን ገመድ የለወጠ ሰው ፈጣኑ ቻርጀር ለምን ዘገየብኝ እያለ ሲያማርር ይውላል።

ብዙ ሰው የሚፈራው አንድ ነገር አለ፤ ትልቅ ቻርጀር ትንሽ ስልክ ያቃጥላል የሚል። ቻርጀሩ ደኅና ሥራ ከሆነ አያቃጥልም። ቻርጀሩ መጀመሪያ 5 ቮልት ብቻ ይሰጣል፤ ከዚያ ስልኩና ቻርጀሩ በገመዱ በኩል ይነጋገራሉ፤ ስልኩ 9 ስጠኝ ካላለ ቻርጀሩ ከአምስት አያልፍም። ንግግሩን የማያውቀው አሮጌ ስልክ በአምስቱ ቀስ እያለ ይሞላል። የሚያቃጥለው ይህን ሥርዓት የማይጠብቅ፣ ስሙ ብቻ ፈጣን የሆነ የውሸት ቻርጀር ነው።

ወደ ሰውየው ሕይወት እንመለስና፣ ቮልታ በኤሌክትሪክ ብቻ የታጠረ ሰው አልነበረም። በ1776 በማጆሬ ሐይቅ ዳር ረግረጉን በዱላ እየነካካ፣ የሚወጣውን አረፋ በጠርሙስ ሰበሰበ። ጋዙ የሚነድ ሆኖ አገኘው። ይህ ጋዝ ዛሬ ሚቴን የምንለው፣ ከከብት እበት የሚገኘው የባዮጋዝ ዋናው ክፍል ነው። ጋዙን በኤሌክትሪክ ብልጭታ የምታፈነዳ ሽጉጥም ሠራ። በ1777 ደግሞ ከኮሞ እስከ ሚላኖ በእንጨት ምሰሶ ላይ ሽቦ ዘርግቶ፣ ከዚህ ኤሌክትሪክ ለቅቆ እዚያ ያለችውን ሽጉጥ በማስተኮስ መልእክት ማስተላለፍ እንደሚቻል አሰበ። አልተሠራም፤ ሆኖም ከቴሌግራፍ በፊት የታሰበ ሐሳብ ነው። በዚያው ዓመት ወደ ስዊስ ተጉዞ ሲመለስ ድንች ይዞ መጥቶ በአገሩ እንዲተከል እንዳደረገ ይነገርለታል። እኛ አገር ድንችን በ1858 ያስገባው ጀርመናዊው ሺምፐር ነው ይባላል፤ ጎጃም በኋላ ምን ያህል እንደወደደው መናገር አያስፈልግም።

ከዚያ ወደ ፓቪያ ዩኒቨርሲቲ ተዛውሮ ለአርባ ዓመት ያህል አስተማረ። በ1791 ከቦሎኛ ከተማ አንድ መጽሐፍ ወጣ። ጸሐፊው ሉዊጂ ጋልቫኒ የተባለ ሐኪም ነው። የታረደች እንቁራሪት እግር በሁለት የተለያዩ ብረቶች ስትነካ እንደምትፈራገጥ አይቶ፣ በእንስሳ ሥጋ ውስጥ ኤሌክትሪክ አለ ብሎ ጻፈ። ቮልታ መጀመሪያ ራሱ ሞክሮ አመነ፤ አደነቀም። ብዙም ሳይቆይ ግን ጥርጣሬ ገባው። እንቁራሪቷ የምትፈራገጠው ሁለቱ ብረቶች የተለያዩ ሲሆኑ ነው፤ አንድ ዓይነት ብረት ሲሆን ግን ነገሩ ይደክማል። እንግዲያው ኤሌክትሪኩ የሚመነጨው ከብረቶቹ ይሆን? እንቁራሪቷ ምልክት ሰጪ ብቻ ናት ማለት ነው? ሁለት የተለያዩ ብረቶች በምላሱ ላይ አድርጎ አጋጠማቸው፤ አፉን ኮመጠጠው። በምላሱ ላይ እንቁራሪት የለም።

ክርክሩ ለብዙ ዓመት አውሮፓን ለሁለት ከፈለ። ሁለቱ ሰዎች እርስ በርሳቸው በጨዋነት ነው የተከራከሩት። ጋልቫኒ ግን ዕድሉ አልቀናም። ናፖሊዮን ሰሜን ኢጣልያን ይዞ አዲስ ሪፑብሊክ ሲያቋቁም መምህራን ሁሉ እንዲምሉ ታዘዙ፤ ጋልቫኒ ኅሊናዬ አይፈቅድም ብሎ ስላልማለ በ1798 ከሥራው ተሰናበተ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻም ሞተ። የቮልታን መልስ ሳያይ ነው የሞተው። ዛሬ ሲታይ ሁለቱም ግማሽ ግማሹን ይዘው ነበር፤ በነርቭና በጡንቻ ውስጥ በእርግጥ ኤሌክትሪክ አለ፤ በእንቁራሪቷ ሙከራ ላይ ግን ሥራውን የሠሩት ሁለቱ ብረቶችና በመካከላቸው ያለው እርጥበት ናቸው። የጋልቫኒ ስም በኛም አገር ጣሪያ ላይ አለ፤ የቤት ክዳን ቆርቆሮ ዝገት እንዳይበላው በዚንክ መለበጡ በፈረንጅኛ የሚጠራው በሱ ስም ነው።

በ1799 ጦርነቱ ዩኒቨርሲቲውን ስላዘጋው ቮልታ ኮሞ ተቀምጦ ይሠራ ነበር። አንድ ጥንድ ብረት የሚሰጠው ግፊት በጣም ጥቂት ነው። በባሕር ውስጥ የሚኖር፣ የነካውን ሰው የሚያንዘፈዝፍ ቶርፒዶ የተባለ ዓሣ አለ፤ የዚህ ዓሣ አካል ሲመረመር ቀጫጭን ሽፋኖች እንደ ሳንቲም ቁልል ተደራርበው ይታያሉ። ቮልታም እንደዚሁ አደረገ። የብርና የዚንክ ክብ ሳሕኖች ወሰደ፤ በየጥንዱ መካከል በጨው ውሃ የራሰ ካርቶን አደረገ፤ ደጋግሞ ቆለለው። ከላይና ከታች በእርጥብ እጅ ሲነካው መታው። እስከዚያ ቀን ድረስ ሰው የሠራው ኤሌክትሪክ ሁሉ ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ነበር። ይህ ግን አልጠፋም፤ ሳያቋርጥ ይፈስስ ጀመር።

መጋቢት 20 ቀን 1800 ለለንደኑ የሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚዳንት ለባንክስ በፈረንሳይኛ ረጅም ደብዳቤ ጻፈ። ባንክስ ደብዳቤውን ገና ሳያሳትመው ለወዳጆቹ አሳየ። በግንቦት ኒኮልሰንና ካርላይል የተባሉ ሁለት ሰዎች ቁልሉን ራሳቸው ሠርተው ውሃን በኤሌክትሪክ ወደ ሃይድሮጅንና ወደ ኦክስጅን ለያዩት። በሚቀጥለው ዓመት ቮልታ ፓሪስ ተጠርቶ በናፖሊዮን ፊት ሙከራውን አሳየ፤ የወርቅ ሜዳልያም ተሸለመ። በኋላ ናፖሊዮን ሴናተር፣ በ1810 ደግሞ ኮንት አደረገው። ቮልታ ለማንኛውም መንግሥት ሳይቀዋወም ያደረ ሰው ነው፤ ኦስትሪያ ስትገዛ ለኦስትሪያ፣ ፈረንሳይ ስትገዛ ለፈረንሳይ፣ ኦስትሪያ ስትመለስም እንደገና ለኦስትሪያ አገልግሏል። የጋልቫኒን መጨረሻ አይቶ እንደሆነ እንጃ።

ይህን ቁልል ላቦራቶሪ በሌለው ትምህርት ቤት መሥራት ይቻላል። ከተጣለ የኤሌክትሪክ ገመድ የተገኘ የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሞ ጠፍጣፋ ይደረግ። ከክዳን ቆርቆሮ ቁራጭ ትናንሽ ካሬዎች ይቆረጡ፤ ጠርዙ ስለት ስላለው በተማሪ እጅ አይቆረጥ። በመካከል በጨው ውሃ የራሰ ካርቶን ይግባ። አንዱ ጥንድ ከአንድ ቮልት ትንሽ ያነሰ ይሰጣል፤ ከተበላሸ የእጅ ባትሪ የወጣች ትንሽ መብራት ለማብራት አራት አምስት ጥንድ መደራረብ ነው። ቁልሉ ሲጫን የጨው ውሃው ተጨምቆ ወደ ጎን ከወረደ ነገሩ ይበላሻል፤ ቮልታንም ያስቸገረው ይኸው ስለሆነ፣ ብረቶቹን ለየብቻ በጨው ውሃ በተሞሉ ስኒዎች እያደረገ በክብ ደርድሯቸዋል። ስኒ ደግሞ በየቤቱ አይጠፋም።

የቮልታ ቁልል ግን አንድ ጉድለት ነበረበት፤ ዚንኩ ተበልቶ ሲያልቅ አለቀ፤ መልሶ አይሞላም። የእጅ ባትሪ ውስጥ የምንከትተው ድንጋይ የምንለው ነገር ቅርብ ዘመዱ ነው፤ እሱም ሲያልቅ መጣል ነው። ገና ቮልታ በሕይወት ሳለ፣ በ1803፣ ሪተር የተባለ ጀርመናዊ ከሌላ ቁልል ኤሌክትሪክ ተቀብሎ መልሶ የሚሰጥ ቁልል ሠራ። ለሥራ የሚሆን፣ ደጋግሞ የሚሞላ ባትሪ የተገኘው ግን በ1859 ነው፤ ፈረንሳዊው ፕላንቴ ከእርሳስ ሠራው፤ ዛሬ በመኪና ውስጥ ያለው እሱ ነው።

ሌላም አስገራሚ ነገር አለ። በ1817፣ ቮልታ የሰባ ሁለት ዓመት ሽማግሌ ሳለ፣ ስዊድን ውስጥ አርፍቬድሰን የተባለ ኬሚስት ከአንድ ድንጋይ ውስጥ ሊቲየምን አገኘ። ብረቱን ከድንጋዩ ለይቶ ማውጣት ግን አልቻለም። በ1821 እንግሊዛዊው ብራንድ ለይቶ ያወጣው በኤሌክትሪክ ኃይል ነው፤ ኤሌክትሪኩም የመጣው ከቮልታ ቁልል ዘር ነው። ዛሬ የስልካችን ባትሪ የሚሠራው በዚሁ ሊቲየም ነው። የሊቲየም ድንጋይ በኛም አገር፣ በጉጂ ውስጥ ቀንጢቻ በተባለው ቦታ ይገኛል። እሱን ለባትሪ ለማዋል የደከሙት ጉድኢናፍ፣ ዊቲንግሃምና ዮሺኖ በ2019 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል፤ ጉድኢናፍ ሲሸለም ዕድሜው 97 ነበር። ባትሪው ራሱ ገበያ ላይ የዋለው በ1991 ነው።

አሁን የሰማንያ ከመቶውን እንቆቅልሽ እንፍታ። በሊቲየም ባትሪ ውስጥ አንደኛው ወገን ግራፋይት ነው፤ የእርሳስ መጻፊያ ውስጡ ያለው ጥቁር ነገር ማለት ነው። ግራፋይት እንደ መጽሐፍ ቅጠል የተደራረበ ነው። ስልኩ ሲሞላ የሊቲየም አዮኖች ከሌላው ወገን ተነሥተው በፈሳሹ አልፈው በነዚያ ቅጠሎች መካከል ገብተው ይቀመጣሉ። ደወል ተደውሎ ተማሪ ወደ ክፍል ሲገባ አስቡት። ክፍሉ ባዶ ሲሆን ሁሉም ሮጦ ያገኘው ወንበር ላይ ይቀመጣል። ክፍሉ ሊሞላ ሲል ግን የመጨረሻዎቹ ልጆች ክፍት ቦታ እየፈለጉ በሰው መካከል ያልፋሉ። ከኋላ እየገፋን እናስገባ ብንል በር ላይ ይታፈጋሉ። ሊቲየሙም በግድ ሲገፋ እንደዚያው በግራፋይቱ ፊት ላይ ተከማችቶ ወደ ብረትነት ይለወጣል። እዚያ የቀረው ሊቲየም አብዛኛው ወደ ሥራ አይመለስም፤ ባትሪው በየጊዜው ይዞታው ይቀንሳል። ክፉው ደግሞ እንደ መርፌ እያደገ ሄዶ ሁለቱን ወገኖች ያገናኛቸዋል፤ ከዚያ እሳት ይነሣል።

ይህ እንዳይሆን ስልኩ ውስጥ ተቆጣጣሪ አለ። ባትሪው ባዶ ሲሆን ብዙ አምፒር ይለቅለታል። የባትሪው ግፊት ከፍ እያለ ሄዶ ወደ 4.2 ቮልት ገደማ፣ በአንዳንድ አዳዲስ ባትሪዎችም ከዚያ ትንሽ ከፍ ሲል፣ ግፊቱን እዚያው ያቆምና አምፒሩን ቀስ በቀስ ይቀንሳል። 18.5 ዋት ሰዓት በ18 ዋት ተካፍሎ አንድ ሰዓት ሆኖ ያልተገኘው በዚህ ነው፤ የመጨረሻዋ ሃያ ከመቶ ብቻዋን ብዙ ጊዜ ትበላለች። ቻርጀሩ 18 ዋት ቢሆን፣ 60 ዋት ቢሆን፣ እዚያች ላይ ሲደርሱ ሁሉም ያዘግማሉ። ስለዚህ መብራት ለግማሽ ሰዓት ብቻ ብቅ ሲል ፈጣን ቻርጀር ያለው ሰው ብዙ ያተርፋል፤ ሌሊቱን ሙሉ ለሚያድር መብራት ግን ዘገምተኛውም ይበቃል፤ እንዲያውም ለባትሪው ይሻላል።

ሙቀት የባትሪ ጠላት ነው። በፍጥነት እየሞላ ያለን ስልክ ከጋቢ ወይም ከትራስ ሥር ማኖር ባትሪውን ያስረጀዋል። ብርድም እንዲሁ አይስማማውም፤ ውርጭ ሲጥል አዮኖቹ ወደ ግራፋይቱ ለመግባት ይዘገያሉ፤ ከዜሮ ዲግሪ በታች ደኅና ስልክ ጭራሽ መሙላት እምቢ ይላል። በጮቄ አናት ሌሊት ደጅ ያደረ ስልክ ጠዋት ወዲያው ባይሞላ ተበላሸ ማለት አይደለም፤ እስኪሞቅ መጠበቅ ነው።

ቮልታ ይህን ሁሉ አላየም። በ1794 ቴሬዛ ፔሬግሪኒን አግብቶ ሦስት ወንዶች ልጆች ወልዷል። አንዱ ልጁ ፍላሚኒዮ በ1814 በወጣትነቱ ሲሞትበት በጣም አዘነ። ከቁልሉ በኋላ ትልቅ ግኝት አላወጣም፤ ሃምሳ አምስት ዓመት ሆኖት ነበር፤ ለዓለም የሰጠውን ሰጥቷል፤ የቀረውን ሌሎች ይሥሩት ያለ ይመስላል። በ1819 ጡረታ ወጥቶ ወደ ትውልድ አገሩ ተመለሰ። መጋቢት 5 ቀን 1827 በሰማንያ ሁለት ዓመቱ ሞተ። በዚያው ቀን ታላቁ የሒሳብ ሊቅ ላፕላስም ፓሪስ ውስጥ ሞቷል። ቮልታ የተቀበረው በኮሞ አጠገብ ካምናጎ በተባለች መንደር ሲሆን፣ መንደሪቱ ዛሬ ካምናጎ ቮልታ ትባላለች።

በ1881 በፓሪስ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የኤሌክትሪክ ጉባኤ የግፊት መለኪያው ቮልት ይባል ብሎ ወሰነ። በ1899 ኮሞ ከተማ የቁልሉን መቶኛ ዓመት ለማክበር ትልቅ ኤግዚቢሽን አዘጋጀች፤ የቮልታ መሣሪያዎችና ወረቀቶች በብዛት ለእይታ ቀረቡ። ሐምሌ ውስጥ ኤግዚቢሽኑ ላይ እሳት ተነሥቶ ሕንፃው ነደደ፤ ብዙዎቹ ዕቃዎች አብረው ተቃጠሉ። የተረፉትና እነሱን አስመስለው የተሠሩት ዕቃዎች፣ የሞተበት መቶኛ ዓመት መታሰቢያ እንዲሆን በሐይቁ ዳር በተሠራለት ቤት ውስጥ ተቀምጠው ይታያሉ።